የድራፍት ሊጋችን የቤት ደንብ፦ ከነሐሴ በፊት እንጨርሰው

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሲዝን መጨረሻ የተባባልነውን አልደግመውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዘንድሮ ክላሲኩን ትተን ድራፍት እንጫወት ብለናል። የቀረን ደንቡ ነው።

ለአዲሶቹ በአጭሩ ልንገራችሁ። በክላሲኩ፣ ማለትም እውነተኛ ተጫዋቾች በሜዳ በሠሩት ነጥብ በሚቆጠርበት በተለመደው የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ አፕ፣ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጥሃል፣ 15 ተጫዋች ትገዛለህ። ችግሩ ሃላንድን ሁላችንም መግዛት መቻላችን ነው። ሁላችንም እሱን ካፒቴን እናደርጋለን፣ ነጥቡ እጥፍ ይቆጠራል። ሦስት ሲያገባ ዲኤስቲቪ ቤቱ ይናጋል፣ የኛ ሰንጠረዥ ግን ንቅንቅ አይልም። በድራፍት አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። ዋጋ የለም፣ ካፒቴን የለም፣ ቡድንን በአንዴ የሚቀይሩበት ዋይልድካርድ የለም። በተራ እንመርጣለን፣ ሁለተኛው ዙር ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ይመለሳል። 8 ከሆንን መጀመሪያ የመረጠው ሰው እንደገና ተራ የሚደርሰው 16ኛ ላይ ነው። 8ኛው ግን 8ኛና 9ኛውን አከታትሎ ይወስዳል። ስለዚህ «አንደኛ ዕጣ ወጣልህ» ብሎ መቅናት የለም።

የኔ ረቂቅ ይኸው። ሰው 8 ይሁን። ነጥብ በድምር ይሁን። ልውውጥ ይፈቀድ። የኢንተርኔት መስመር ለጠፋበት ሰው ደግሞ ከዴድላይኑ (አሰላለፍ ከሚዘጋበት ሰዓት) በፊት አሰላለፉን በኤስኤምኤስ ለጸሐፊው ይላክ፣ ጸሐፊው በእጁ ይቁጠርለት። አስተያየታችሁን ጣል ጣል አድርጉ።

ቡሬ ዳሞት፦
ለምን 8? የእህቴ ባል ይግባ ብያችሁ ነበር። ከፍኖተ ሰላምም አንድ ልጅ አለ፣ ኳስ የሚገባው። 10 እንሁን።

ጣና ዳር፦
10 የምትሉ በረኛ ቁጠሩ። እያንዳንዱ ሰው 2 በረኛ መያዝ ግዴታው ነው። ሊጉ ውስጥ ያለው ደግሞ 20 ክለብ ነው። 10 ስንሆን 20ውም ቋሚ በረኛ ያልቃል። አንዱ በረኛህ ቢጎዳ ገበያው ላይ፣ ማንም ካልያዛቸው መሐል፣ የሚቀርልህ ቤንች የሚያሞቅ ብቻ ነው። 12 ብንሆን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን የማይጫወት በረኛ ይዞ የሚጀምር ይኖራል። በ8 ግን 16 ይወጣል፣ 4 ይተርፋል። ሊጉ መተንፈሻ ያገኛል።

ቡሬ ዳሞት፦
እሺ ለእህቴ ባል ምን ልበለው?

ጣና ዳር፦
በረኛ አልቋል በለው።

ኮሶበር፦
😂 እኔም 8 እላለሁ። ግን ለምን በድምር? ሄድ ቱ ሄድ አይሻልም? በየሳምንቱ አንድ ሰው ፊት ለፊት መግጠም ነው ደስታው። ቡሬን ሳሸንፍ ስሙን ጠርቼ መጨፈር እፈልጋለሁ።

ጣና ዳር፦
38 ሳምንት ነው፣ 8 ስንሆን ለአንድ ሰው 7 ተጋጣሚ አለው። 38 ለ7 አይካፈልም። አምስት አምስት ጊዜ ተገናኝተን 3 ሳምንት ይተርፋል። በነዚያ ሦስት ሳምንታት አንዱ ደካማውን ሲያገኝ ሌላው ጠንካራውን ያገኛል። ከዚያ ግንቦት ላይ ማን ሊያስታርቀን ነው? በድምር ይሁን። መጨፈሩን በድምርም መጨፈር ትችላለህ።

ዲያቆኑ፦
የብር ነገር ተነሥቷል ወይ? ብር የሚያዝ ከሆነ እኔ የለሁበትም። ጨዋታ እንጂ ቁማር አልጫወትም፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

የማርቆስ ልጅ፦
ብር የለም። የመጨረሻው ሰው ይጋብዛል፣ አለቀ። ባሕር ዳር ተገናኝተን ዓሣ እንበላለን።

ሞጣ 4፦
ዲያቆኑ ደግሞ «ጾም ነው» ብሎ ሽሮ እንዳያስበላን።

ዲያቆኑ፦
ወንድሜ፣ ሲዝኑ የሚያልቀው ግንቦት ውስጥ ነው። ብዙውን ጊዜ በዓለ ሃምሳ ላይ ይውላል። ረቡዕም ዓርብም ይበላል። ዓሣውን ትታችሁ ጥብስ ብታዙም አልቃወምም። ድራፍቱ ነው ፍልሰታ ላይ የሚውለው፤ ስንመርጥ ቆሎ ይበቃናል።

የማርቆስ ልጅ፦
ግብዣው ተዘጋ። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ የመስመሩን ነገር ምን ትላላችሁ?

ጣና ዳር፦
የኤስኤምኤሱ ሐሳብ አልጣመኝም። ላስረዳ።

አንደኛ፣ አፑ በኤስኤምኤስ የተላከውን አሰላለፍ አያውቅም። ቋሚ ያደረግከው ተጫዋች ካልገባ አፑ ራሱ ከቤንች በተራ ይተካልሃል፣ አሰላለፉ ከፈቀደ። ያንን ሁሉ ጸሐፊው በእጁ ሊሠራ ነው? ሁለተኛ፣ ኤስኤምኤሱ ዘግይቶ ቢደርስ የማንን ሰዓት ነው የምናምነው? ሦስተኛና ዋናው፣ «መስመር ጠፍቶብኝ ነበር» የሚለውን ማን ያጣራል?

ኮሶበር፦
ባለፈው ዓመት መስመር ጠፋብኝ ያለን ሰው በዚያው ሰዓት ቴሌግራም ላይ ስቲከር ሲልክልኝ ነበር። ስም አልጠራም።

ቡሬ ዳሞት፦
ዋይፋይ ነበር! ሱቅ ውስጥ ነበርኩ! ስንቴ ነው የምነግራችሁ?

ኮሶበር፦
ስም አልጠራሁም እኮ።

ሞጣ 4፦
ሳቁን ትተን ግን የእውነት ችግር አለ። እኛ ሞጣ መብራት ሲሄድ ስልክም አብሮ የሚዘጋበት ቀን አለ። አዲስ አበባ ያለ ሰው እስከ መጨረሻው ደቂቃ ዜና ያያል። እገሌ ታሟል፣ እገሌ አይሰለፍም ሲባል ነፃውን ተጫዋች ቀድሞ ይወስዳል። እኔ ማታ ስገባ የሚጠብቀኝ የተመናመነ ገበያ ነው። ይሄ እኩል ውድድር አይደለም።

ስደተኛው (ቨርጂኒያ)፦
ሞጣ፣ እኔም ከአንተ አልሻልም። እንዴት እንደሚሠራ እዩት። ዌቨር የሚሉት ወረፋ አለ። የምትፈልገውን ተጫዋች በቅደም ተከተል ታስመዘግባለህ፣ ከዴድላይኑ 24 ሰዓት በፊት አፑ ያከፋፍላል። ከሰንጠረዡ ግርጌ ያለው ቀድሞ ይመርጣል። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ቀን የተረፈው ሁሉ ነፃ ነው፤ ቀድሞ የነካው ይወስዳል። የቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታ በእንግሊዝ 12:30 ከሆነ ዴድላይኑ 11:00 ነው፣ ወረፋው ደግሞ ዓርብ 11:00 ይከፋፈላል። ያ ለኔ ንጋት 12 ሰዓት ነው። እናንተ ነፃ ተጫዋች ስትቀራመቱ እኔ ገና አልጋዬ ውስጥ ነኝ።

ጣና ዳር፦
እንግዲያው መድኃኒቱ እዚያው አለ። ነፃውን ቀን እንዝጋው። ከወረፋው በኋላ ማንም ምንም አይውሰድ።

የወረፋ ዝርዝር ካለፈው ሳምንት ጨዋታ በኋላ በማንኛውም ቀን ማስገባት ይቻላል። ማክሰኞ መስመር ካለህ ማክሰኞ አስገባ። ዓርብ መብራት ቢሄድም ጥያቄህ አፑ ውስጥ ተቀምጧል። አሰላለፍህንም ቀድመህ አስተካክል፣ የቤንችህን ተራ አስበህ ደርድር። ተጫዋችህ ቢቀር አፑ ይተካልሃል። ማጣራትም አያስፈልግም፤ ማን መቼ ማንን እንደወሰደ አፑ ላይ ለሁሉም ይታያል። የማንንም መሐላ መስማት አይጠበቅብንም።

የማርቆስ ልጅ፦
ይሄ ከኔ ይበልጣል። ኤስኤምኤሱን ሰርዤዋለሁ። ረስቶ የወሰደ ሰውስ?

ጣና ዳር፦
ማይነስ 4። ከክላሲኩ ሁሉም የለመደው ቅጣት ነው። ጸሐፊው ከድምሩ ላይ ይቀንሳል። ተጫዋቹን ያቆየው፤ መልስ ብንለው ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ነው።

ሞጣ 4፦
ተስማምቻለሁ። ሰዓቱን ብቻ በኛ አቆጣጠር ጻፉልኝ።

የማርቆስ ልጅ፦
ለቅዳሜው የምሳ ሰዓት ጨዋታ ከሆነ ወረፋው ዓርብ 7 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ የቢሮ ምሳ ሰዓት ማለት ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ እንግሊዞቹ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 8 ሰዓት ይሆናል። መጋቢት ላይ ተመልሶ 7 ይሆናል። ዓርብ ማታ ጨዋታ ካለ ግን ሁሉም ወደ ሐሙስ ይሳባል፤ እሱን በየሳምንቱ ግሩፑ ላይ አሳውቃለሁ።

ቡሬ ዳሞት፦
እሱ ካለቀ ልውውጡን እናንሣ። እኔ የምፈራው እሱን ነው። አንድ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ምርጡን ተጫዋች ለአብሮ አደጉ አንሥቶ ይሰጣል። ከዚያ ሰባት ወር የለፋህበት ሊግ በአንድ ቀን ያልቃል።

ኮሶበር፦
አፑ ላይ አማራጭ አለ። አስተዳዳሪው ያጽድቅ ማለት ይቻላል፣ ወይም ሁላችንም ድምፅ እንስጥ።

ቡሬ ዳሞት፦
አስተዳዳሪው ራሱ ተወዳዳሪ ነው። ማርቆስን አልጠራጠርም፣ ግን ሁለተኛ ሆኖ የአንደኛውን ልውውጥ ሊያጸድቅ ነው? ድምፅ ስንሰጥ ደግሞ ሁሉም ይወድቃል። ማን ነው ተፎካካሪው እንዲጠናከር እጁን የሚያወጣ?

ስደተኛው (ቨርጂኒያ)፦
እዚህ መሥሪያ ቤት ያሉ ሰዎች የሚጫወቱትን ልንገራችሁ፣ ምናልባት ይጠቅመናል።

ቤዝቦል ነው። ስትራት-ኦ-ማቲክ ይሉታል፤ ከፈረንጆች 1961 ጀምሮ ያለ፣ በካርድና በዳይስ (ባለ ነጥብ ኩብ) የሚጫወቱት ነገር ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ካርድ አለው። ካርዱ ላይ ያለው ባለፈው ሲዝን በሜዳ የሠራው ነው። ዳይሱን ትጥላለህ፣ ካርዱ ውጤቱን ይነግርሃል። ዓመቱን ሙሉ ሊግ አቋቁመው ይጫወታሉ። ዛሬ ለተስፋፋው ፋንታሲ ቤዝቦል መነሻ የሆነው ሊግ ደግሞ በፈረንጆች 1980 ነው የተጀመረው። ዳንኤል ኦክሬንት የሚባል ጸሐፊ ከጓደኞቹ ጋር ኒው ዮርክ ጀመረው፣ ስሙንም ከሚሰበሰቡበት ምግብ ቤት ወስደው ሮቲሰሪ አሉት።

ወደ ነገሬ ልምጣ። በካርዱ ሊግ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ጣጣ አለ። በሜዳ ላይ 30 ጊዜ ብቻ ለመምታት ቆሞ፣ በዕድል 15ቱን ያገኘ ሰው አለ እንበል። ካርዱ ሲታተም ከሁሉ የሚበልጥ መቺ ይመስላል። ደንብ ከሌለ የሲዝኑን 162 ጨዋታ በሙሉ እሱን ታሰልፋለህ። ስለዚህ የቤት ደንብ አወጡ፦ ማንም በሜዳ ካገኘው ዕድል በላይ በካርድ አይመታም። 30 ከሆነ 30፣ ከዚያ ካርዱ ይቀመጣል። ክርክር የለውም፤ ቁጥር ነው። በልውውጥም እንደዚያው ናቸው። «ይሄ ልውውጥ ፍትሐዊ ነው ወይ?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ ቀን ይዘጋሉ። የሰጠኸውን ተጫዋች ከዚያው ሰው መልሰህ አትወስድም ይላሉ።

ዲያቆኑ፦
መልሰህ አትወስድም ያሉት ገባኝ። በ2025/26 ሳላና ምቤሞ ለአፍሪካ ዋንጫ የሄዱበትን ጊዜ አስቡት። ሳላን የያዘው ሰው ለአንዱ «አንድ ወር ያዝልኝ፣ ሌላ ስጠኝ» ይላል። ሲመለስ ይቀበለዋል። ሁለቱ ተደጋገፉ፣ ስድስታችን ተበላን።

ቡሬ ዳሞት፦
ብድር ማለት ነው። ብድር ይከልከል።

የማርቆስ ልጅ፦
ብድር ተከለከለ። አንድ ተጫዋች ከወጣ፣ በዚያው ሲዝን ወደ ቀድሞ ባለቤቱ በልውውጥ አይመለስም። የሚዘጋበት ቀንስ? የእንግሊዝ የዝውውር መስኮት ጥር ላይ ሲዘጋ የኛም ይዘጋ?

ኮሶበር፦
ጥር 23 አገው ምድር የፈረሰኞች በዓል ነው። እንጅባራ በዚያ ሰሞን ስልክ የሚያይ ሰው አታገኙም። እኔ ፈረስ ላይ ሆኜ አልደራደርም።

ሞጣ 4፦
አንተ ደግሞ ፈረስ መቼ ነው የምትጋልበው? ተመልካች ነህ።

ኮሶበር፦
ተመልካችም ሥራ አለው። አንድ ሳምንት ጨምሩ።

የማርቆስ ልጅ፦
ጥር 30 ይሁን። ሁሉም ይድረስ። ጥር ላይ የሚገቡ አዲስ ተጫዋቾች ግን በወረፋ ብቻ ነው የሚወሰዱት። ማርሙሽ በጥር 2025 ሲቲ የገባ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ብዙም ሳይቆይ ኒውካስል ላይ ሦስት አገባ። እንደዚያ ዓይነት ሰው በወረፋ ሲሆን ግርጌ ላለው ይደርሳል፤ ጨዋታው ነፍስ ይዘራል።

ቡሬ ዳሞት፦
ጥሩ ነው፣ ግን ስጦታው አልተፈታም። ከጥር 30 በፊትም ስጦታ ይሰጣል። ታኅሣሥ ላይ ተስፋ የቆረጠ ሰው የለም እንዴ?

ሞጣ 4፦
ሦስት ሽማግሌ እንምረጥ። ልውውጡ የማይመለከታቸው ሦስት ሰዎች ይዩት።

ጣና ዳር፦
ሽማግሌ ለእርቅ እንጂ ለፋንታሲ አይሆንም። «ይሄ ስጦታ ነው» ስትለው ወዳጅህን ሌባ ነህ እያልከው ነው። እሱ ደግሞ «ተጫዋቹ ይነሣል ብዬ ነው የወሰድኩት» ይልሃል። ልክ ሊሆንም ይችላል። በ2025/26 ለተከላካይ አዲስ ነጥብ ገብቶ የለ? ኳስ ያቋረጠ፣ የነጠቀ፣ ያጸዳ፣ በአካሉ የከለከለ ተከላካይ ድምሩ 10 ከሞላ 2 ነጥብ ያገኛል። ስሙን ማንም የማያውቀው የትንሽ ክለብ መሐል ተከላካይ ከታዋቂ አጥቂ የበለጠ ሊያመጣ ይችላል። ማን ነው ከውጭ ሆኖ ይሄ ርካሽ ነው፣ ያ ውድ ነው የሚለው? የሰው ልብ ውስጥ ገብተን አንፈርድም። ሰንጠረዡን እንየው።

ከ19ኛው ሳምንት በኋላ የመጨረሻዎቹ ሁለት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጋር አይለዋወጡ። አለቀ።

ሞጣ 4፦
ቆይ ቆይ። እኔ ግርጌ ብሆን ቡድኔን በምን ላሻሽል ነው? መውጫዬን ዘጋችሁብኝ እኮ።

ጣና ዳር፦
በወረፋ አንተ ነህ ቀዳሚው። ከመሐከለኞቹ አራት ሰዎችና አብሮህ ግርጌ ካለው ጋርም መለዋወጥ ትችላለህ። አምስት ሰው አለልህ። የተከለከልከው ሁለቱን ብቻ ነው።

ሞጣ 4፦
አምስት ካለ ይሁን። ደግሞ ግርጌ እሆናለሁ ማለቴ አይደለም።

ኮሶበር፦
አይደለም አይደለም 😂

ዲያቆኑ፦
አንድ የቀረ አለ። ሰው ሲጠፋስ? ኅዳር ላይ አጨዳ አለ፣ ቤተሰብ ጋ የሚሄድ ይኖራል። ጥር ሠርግ ነው። ለቅሶም ያጋጥማል፣ እግዚአብሔር ያርቅልንና። ቡድኑ ሳምንት ሙሉ የተጎዱ ሰዎች ይዞ ሲቆም ከሱ ቀጥሎ ያሉት ሁሉ ይጠቀማሉ። ወረፋውም ይዛባል።

የማርቆስ ልጅ፦
እንደ እቁብ ዋስ ይኑር። እያንዳንዳችን አሁኑኑ አንድ ዋስ እንጥራ። ባለቤቱ ሦስት ሳምንት ካልታየ፣ ወይም ራሱ «ያዝልኝ» ካለ ዋሱ ይገባል። ግን ዋሱ የተጎዳ ያወጣል፣ የሚጫወት ያስገባል። ልውውጥ አያደርግም፣ ሌላ ተጫዋችም አይለቅም።

ጣና ዳር፦
ዋስ ከሊጉ ውጭ ይሁን። ተፎካካሪዬ ቡድኔን ሲያሰልፍልኝ ማየት አልፈልግም።

ቡሬ ዳሞት፦
ኧረ መፍትሔ አገኘሁ! የእህቴ ባል የኔ ዋስ ይሁን። የይለፍ ቃሌን እሰጠዋለሁ። እሱም ገባ፣ ቃሌንም ጠበቅኩ።

ኮሶበር፦
የእህትህ ባል ከአንተ የተሻለ ካሰለፈስ?

ቡሬ ዳሞት፦
ያን ጊዜ እኔ የሱ ዋስ እሆናለሁ።

ስደተኛው (ቨርጂኒያ)፦
ሌላ ጥያቄ። ግርጌ የሆንኩ እንደሆነ እኔ እንዴት ነው የምጋብዘው? ገንዘብ ልልክ እችላለሁ፣ ግን በዶላር ሒሳብ እንዳታስከፍሉኝ።

ዲያቆኑ፦
አንተ ስትሆን ጥብሱም ዓሣውም ይታዘዛል። ጋባዡ ባይኖርም እንመርቅሃለን።

የማርቆስ ልጅ፦
በሉ እንግዲህ፣ የተስማማንበት ይኸው። 8 ሰው፣ ነጥብ በድምር። ዌቨር ብቻ፤ ከወረፋ በኋላ የወሰደ ማይነስ 4። ብድር የለም። ልውውጥ ጥር 30 ይዘጋል፤ ከ19ኛው ሳምንት በኋላ ግርጌ ሁለቱ ከላይኞቹ ሁለት ጋር አይለዋወጡም። ዋስ ከውጭ፣ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይጠራ። የመጨረሻው ይጋብዛል። በሲዝኑ መሐል ደንብ አይቀየርም፤ ያልታሰበ ነገር ቢመጣ ለሚቀጥለው ዓመት ይያዛል። የሚቃወም ካለ እስከ እሑድ ይጻፍ።

ሞጣ 4፦
ነጥብ እኩል ብንሆንስ? ግርጌ ላይ ሁለት ሰው እኩል ቢወጣ ማን ነው የሚጋብዘው?

ጣና ዳር፦
ሁለቱም። ወጪ ይካፈላሉ።

ሞጣ 4፦
ይሄ ጥሩ ደንብ ነው። ድራፍቱ ስንት ሰዓት ነው?

የማርቆስ ልጅ፦
ሊጉ ከመጀመሩ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ማታ 3 ሰዓት። ቨርጂኒያ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል፣ ስደተኛው ሥራ ካለህ ንገረን። መግባት የማይችል ሰው የሚፈልጋቸውን ተጫዋቾች በቅደም ተከተል አስቀድሞ ዝርዝር ውስጥ ያስገባ፤ ተራው ሲደርስ አፑ ከዚያ ይመርጥለታል። በረኛ ማስገባት እንዳትረሱ።

ስደተኛው (ቨርጂኒያ)፦
ቅዳሜ ነፃ ነኝ። ኮዱን ላክልኝ።